የቤተ መጻሕፍቱ የጀርባ ደረጃ

አቶ ወልደየስ ዓርብ ጠዋት፣ ሮተርዳም ዳር ባለው በሆግቭሊት ሰፈር ውስጥ በሚገኝ አንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት የጀርባ ደረጃ ግርጌ ሞተው ተገኙ። ሮቢ የተባለው ሠራተኛ ካርቶን ሊጥል ወደ ደረጃው የሚያስገባውን በር ሲከፍት መጀመሪያ ያየው ጫማቸውን ነው። በጀርባቸው ተዘርግተዋል፤ የሸሚዛቸው ቁልፎች ከደረታቸው ላይ ተበጥሰዋል፤ በቀኝ እጃቸው ሐምራዊ የጆሮ ማዳመጫ ጨብጠዋል። ሐኪሙ ጭንቅላታቸው የሲሚንቶውን ጠርዝ እንደመታ፣ የሞቱትም ሐሙስ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ከመዘጋቱ በፊት እንደሆነ ተናገረ። የተደናቀፈ ሰው ቁልፉን በጥሶ አይወድቅም። ሰውየው ተይዘው ተገፍተዋል።

ማዳመጫው የቢታንያ መሆኑን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀም። ቢታንያ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ናት። እሁድ ዕለት ቸርች ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልታለች። ሐሙስ ከእሳቸው ጋር ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበረች። አንድ የተከበረ ምሁርም ስትዝትባቸው ሰምቻለሁ ብለው ቃላቸውን ሰጥተዋል። ዐቃቤ ሕጉ ሰኞ ጠዋት በቁጥጥር ሥር ሊያውላት ወስኗል። ሰኞ ደግሞ የትምህርት ቤቷ የመጨረሻ ፈተና የሚጀምርበት ቀን ነው።

መርማሪ አፀደ አድማሴ ጉዳዩ የደረሳት እንዲህ ካለቀለት በኋላ ነው። አለቃዋ መዝገቡን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጦ፣ ምስክሮቹ የአገሯ ሰዎች ስለሆኑ ብቻ በቋንቋቸው አንድ ጊዜ እንድታነጋግራቸው ነገራት። አፀደ ሮተርዳም ውስጥ በምርመራ ሥራ ፀጉሯ ሸብቷል፤ ያለቀለት መዝገብ አይታ ግን አምና አታውቅም። ይኼኛውን ስታገላብጥ አንድ ነገር ዓይኗን ያዘው። ዋናው ምስክር ቃላቸውን የሰጡት በእንግሊዝኛ ነበር።

«አማርኛ አይችሉም እንዴ?»

አለቃዋ ትከሻውን ሰበቀ። ሰውየው ዶክተር መሆናቸውን፣ እንግሊዝኛቸውም እጅግ ያማረ መሆኑን ገለጸላት።

«ይመስላል» አለች አፀደ፣ ኮቷን እያነሳች።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ፓስተር ቃልአብ ነበር። ፓስተሩ ቸርቹ ለእሁድ እሁድ በሚከራየው የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ወንበር ሲደረድሩ አገኘቻቸው። እሷን ሲያዩ ወንበሩን ትተው ያዘነ ሰው ፊት አበጁ። ሐሙስ ከሰዓት ቭላርዲንገን አንዲት የታመመች ምእመን ጋ ሄደው፣ ከመላው ቤተሰቧ ጋር እስኪመሽ ሲጸልዩ እንደነበር ነገሯት። ስለ እሁዱ ጠብ ስትጠይቃቸው ግን ሐዘኑን ረስተው ነቃ አሉ። ቢታንያ በስብከት መካከል ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ የወጣቶች ኃላፊው አቶ ወልደየስ መጥተው ነቀሉባት።

«እሷ ምን አለች?»

ፓስተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «‹አንተ ማን ነህ?› አለቻቸው። ሰባ ዓመት የሞላቸውን ሰው። ጉባኤው በሙሉ ሰምቷል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ምን ይኖራል? አንተ አለቻቸው እኮ።»

«መታቻቸው? ዛተችባቸው?»

«መርማሪ፣ ሽማግሌን አንተ ያለች ልጅ የማታደርገው ነገር አለ?»

አፀደ በሥራ ዘመኗ ብዙ ነፍሰ ገዳይ አነጋግራለች፤ አብዛኞቹ አንቱታን ጠንቅቀው የሚያውቁ ጨዋዎች ነበሩ። ወጣቶቹ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ስትጠይቃቸው፣ ፓስተሩ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉ እንደሚመስላቸው ነገሯት። ገብተው አይተው አያውቁም። ከመውጣቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጨመሩላት፤ ከጠቡ ሁለት ቀን ሳይሞላው አቶ ወልደየስ ደውለው፣ ልጅቷ እንዳትቀጣ ለምነዋቸዋል። ልጆቹን ሳንሰማ ነው የፈረድንባቸው ብለዋል።

«እርጅና ነው» አሉ ፓስተሩ። «ሰው ሲያረጅ ይለሰልሳል።»

ዋናው ምስክር ዶክተር ጣሰው የሚኖሩት አምስተልቨን ነው፤ የሚሠሩት አምስተርዳም፣ አንድ ትልቅ ቢሮ ውስጥ። የሳሎናቸውን ግድግዳ የምስክር ወረቀት ሞልቶታል። አፀደ አንዱንም ሳታነብ ስለተቀመጠች ትንሽ ቅር አላቸው፤ ስለዚህ ራሳቸው በቃል ነገሯት። በመጨረሻም ወደ መጪው እሁድ በዓል ደረሱ። ዴንሃግ ያለ አንድ ድርጅት፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በሆግቭሊቱ ቤተ መጻሕፍት ለአበሻ ወጣቶች ስለመሩት «የሐሙስ ንባብ» ሊሸልማቸውና የወጣቶች ጉዳይ ኃላፊ አድርጎ ሊሾማቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ወልደየስም ረቡዕ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት ብለዋቸው ነበር።

«ልጆቹ ቤተ መጻሕፍቱን ለምን ይጠቀሙበታል?» አለች አፀደ።

«የንባብ ባህላቸውን ለማጎልበት፣ ማንነታቸውን ለማወቅ፣ ሰብእናቸውን ለማነጽ።»

«ማለቴ፣ ገብተው ምን ያደርጋሉ?»

ዶክተሩ ጥያቄው ከደረጃው በታች እንደሆነበት ሰው አዩዋት። «ያነባሉ» አሉ።

ወደ ሐሙሱ ተመለሱ። ዶክተሩ እንዳሉት፣ እንደ ልማዳቸው ሊያስተምሩ ሄደው ወደ ላይኛው ፎቅ ሲወጡ፣ ልጆቹ ድምፅ ከሚቀዱበት ክፍል የቢታንያን ጩኸት ሰሙ። በሩ ዝግ ነበር። በመስታወቱ በኩል አቶ ወልደየስንና ልጅቷን ፊት ለፊት ተፋጠው አዩዋቸው። ጣልቃ መግባት ነውር መስሎ ስለታያቸው በመጡበት ተመልሰው ወጡ።

«ያለችውን ቃል በቃል ይንገሩኝ። በአማርኛ።»

«በእንግሊዝኛ ሰጥቻለሁ እኮ።»

«አንብቤዋለሁ። እሷ በእንግሊዝኛ አልተናገረችም ብዬ ነው።»

ዶክተሩ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አስታወሱ። «‹አንዲት ቃል ቢተነፍሱ መግቢያ ነው የሚያጡት፤ እኔን ገና አያውቁኝም።› ይኸው ነው። ለእናቷ ሊነግሩባት የነበረ ነገር ይኖራል ብዬ እገምታለሁ።»

«አንድም ቃል አልተለወጠም?»

«እኔ የምኖረው በቃላት ነው፣ መርማሪ። ቃል አይጠፋኝም።»

አፀደ አመስግናቸው ወጣች። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ተቀምጣ ያንን ዓረፍተ ነገር በልቧ ደጋገመችው፤ ሲደጋገም ይባስ ጎረበጣት።

ቢታንያና እናቷ ሉሊት የሚኖሩበት ቤት መስኮት ወደ ፔርኒስ የነዳጅ ማጣሪያ ጭስ ማውጫዎች ያያል። ሉሊት አረጋውያንን ስትንከባከብ ውላ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ነበር የተቀመጠችው። ዓይኗ አብጧል። ልጅቷ ግን አፀደን ከእግር እስከ ራስ አየቻት።

«አንቺ ነሽ ፖሊሷ?»

«እኔ ነኝ።»

«አትመስዪም።»

«እርስዎ በይ» አለች ሉሊት በውርደት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እዚህ ተወልዳ ነው። ቢመክሯት ቢመክሯት አልገባትም።»

አፀደ እንደማይከፋት ነገረቻትና ሌሎቹን የጠየቀችውን ጠየቀቻት፤ ቤተ መጻሕፍት ምን ትሠሪያለሽ? ቢታንያ መልሱን ለማሰብ ጊዜ አልወሰደባትም።

«ካርዱ እስከ አሥራ ስምንት ዓመት በነፃ ነው። ቤት ወንድሜ ይጮኻል፤ እዚያ ፀጥ ያለ ክፍል በስልክ ትይዣለሽ። የቤት ሥራ ካቃተሽ የሚያግዝሽ ሰው አለ። ለትምህርት ቤት የምናነበውን ልብወለድ ሮቢ ይመርጥልናል፤ ቀጭን ስጠኝ ብትይው ቀጭን ይሰጥሻል፣ አይስቅብሽም። ፈተና ሲደርስ አምሽተው ይከፍታሉ። ስቱዲዮም አለ።»

ስቱዲዮው ውስጥ እሷና ጓደኞቿ በቅርቡ ከአገር ቤት ለመጡ ልጆች በአማርኛ ይቀዳሉ። ካርድ እንዴት እንደሚወጣ፣ ክፍል እንዴት እንደሚያዝ፣ ማንን እንደሚጠይቁ ይነግሯቸዋል። አዲሶቹ ልጆች የሚያስከፍል እየመሰላቸው ከበር ይመለሳሉና። እሁድ ቸርች ውስጥ ስታዳምጥ የነበረው ያንኑ ቅጂ ነው። ሰኞ ዕለት አቶ ወልደየስ ሊቆጧት እስከ ቤተ መጻሕፍቱ ተከትለዋት መጡ፤ እሷም ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረገችላቸው።

«አማርኛሽ ያሳፍራል አለኝ። እንግዲያው አስተካክለው አልኩት። ከዚያ በየቀኑ እየመጣ አስተካከለው።»

«አስተካክለው ትያቸዋለሽ?» አለች ሉሊት። «ሞተው እንኳ አንቱ ብትያቸው ምን አለ?»

«እሱ ግድ የለውም ነበር። ይስቅ ነበር።»

ሐሙስ የቀዱትን ስልካቸው ላይ ላከችላቸው፤ ማዳመጫ ስላልነበራቸው የራሷን ሰጠቻቸውና ቀድማ ወጣች። እሳቸው ሰው እንደሚጠብቁ ነግረዋት ነበር።

«ዶክተር ጣሰው ሐሙስ ሐሙስ ምን ያስተምሯችኋል?»

«የቸርቹ ዶክተር? እዚያ አይቼው አላውቅም። ወልደየስም ረቡዕ ይህንኑ ጠየቀኝ።»

ሉሊት ከዚህ በላይ አልቻለችም። «ልጄ፣ እውነቱን ተናገሪ። ዶክተሩ በጆሯቸው ሰምተዋል። እንዲህ የተማረ ሰው ምን አግኝቶ ይዋሻል?»

ቢታንያ እናቷን አየቻት። ተነስታ ክፍሏ ገባችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው። ፖሊስ ሰኞ ሊወስዳት የሚችለውን ልጅ፣ እናቷ ቀድማ አሳልፋ ሰጥታታለች። አፀደ ይህን ስታይ፣ ነገሩን በጊዜ መጨረስ እንዳለባት ለራሷ ነገረች።

ቅዳሜ ጠዋት ሮቢ ቤተ መጻሕፍቱን አስጎበኛት። ግዙፍ፣ ጺማም፣ ለነገር የማይቸኩል ሰው ነው። ሐሙስ ከሰዓት መግቢያው አጠገብ ከነበረው ጠረጴዛ እንዳልተነሣ፣ ቢታንያ ስትወጣ እጇን እንዳወዛወዘችለት፣ አቶ ወልደየስ ሲወጡ ግን እንዳላያቸው ነገራት። ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ የተከበረ የሚመስል አበሻ ገብቶ መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነና ልጆቹ የሚቀዱበት ክፍል በየት በኩል እንደሆነ ጠይቆታል። እሱም ሲወጣ አላየውም። ደረጃው ግርጌ ያለው የጀርባ በር ከውስጥ ለሚገፋ ሰው ይከፈታል፤ ከውጭ ግን አይከፈትም።

ስቱዲዮው ጠባብ ክፍል ነው፤ ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ ተለብጧል፣ በሩ ወፍራም መስታወት አለው። አፀደ ሮቢን ገብቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ የሚወደውን ዘፈን በሙሉ ጉሮሮው እንዲዘፍን ጠየቀችው። ሰውየው ሳያቅማማ ገባ። ሲወጣ እያላበው ነበር።

«እንዴት ነበር?» አላት።

«በጣም ጥሩ» አለች አፀደ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ከስቱዲዮው ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ፓስተር ቃልአብ የጭንቅ ፈገግታ ይዘው መጡ። ዶክተር ጣሰው ለነገው በዓል ገና ንግግራቸውን እንዳላጠናቀቁ፣ ስለዚህም ብዙ መቆየት እንደማይችሉ አስታወቁ። ሉሊትና ቢታንያ አንድ ወንበር መካከላቸው ትተው ተቀመጡ። ሮቢ በሩ ላይ ቆመ፤ ሁለት ፖሊሶች ታች እየጠበቁ ነበር።

አፀደ ቢታንያን ወደ ስቱዲዮው አስገብታ፣ በሩን ዘግታ የቻለችውን ያህል እንድትጮኽ አዘዘቻት። በመስታወቱ በኩል ልጅቷ አፏን ስትከፍት፣ የአንገቷ ሥር ሲገታተር ታየ። እነሱ ባሉበት ክፍል የፓስተሩ የእጅ ሰዓት ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ሌላ ምንም።

«ምን አለች?» ሲሉ ፓስተሩ ጠየቁ።

«እኔም አልሰማሁ» አለች አፀደ። «ክፍሉ የተሠራው ድምፅ እንዳያስወጣ ነው። እዚህ የሚመላለስ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ሦስት ዓመት ሐሙስ ሐሙስ ያስተማረ ሰውም ማወቅ ነበረበት። ዶክተር፣ እርስዎ ምን ሰሙ?»

«በሩ ገርበብ ብሎ ሊሆን ይችላል።»

«ለእኔ ዝግ ነበር ብለውኛል። እሺ፣ ገርበብ ይበል። ይህን ደግሞ አብረን እንስማ።»

ከሟቹ ስልክ ላይ የሐሙሱን ቅጂ ከፈተችው። የቢታንያ ድምፅ ነበር፤ «አንተ፣ ቀስ በል እንጂ፣ በጣም ትፈጥናለህ» ይላል። ቀጥሎ ሽማግሌው ከልባቸው ሲስቁ ተሰማ። ሉሊት አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ይህች ልጅ አንቱታ እንደማታውቅ አገር ያውቃል» አለች አፀደ። «ፓስተሩ ሊቀጧት ፈልገዋል፤ እናቷ ታፍርባታለች። እኔን አንቺ ብላኛለች። አቶ ወልደየስን በተጣሉ ቀን አንተ አለቻቸው፤ ከታረቁ በኋላም አንተ አለቻቸው። ታዲያ በአንዲት ጩኸት ብቻ፣ ደሟ ፈልቶ ስትዝት፣ ‹ቢተነፍሱ መግቢያ ነው የሚያጡት፤ እኔን ገና አያውቁኝም› ያለችው ምን ነክቷት ነው? እዚህ ያደገ ልጅ ሲናደድ ጨዋ አይሆንም። ዶክተሩ ቃላቸውን በእንግሊዝኛ ሲሰጡ ይህ አልታየም፤ እዚያ ለአንተም ለእርስዎም ቃሉ አንድ ነው።»

«እኔ በአክብሮት ቋንቋ አስተካክዬ ነው የተናገርኩት» አሉ ዶክተሩ። ድምፃቸው አሁንም ረጋ ያለ ነበር።

«አንድም ቃል አልተለወጠም ብለው አረጋግጠውልኛል፤ ልክም ነዎት። ቃሉ በእርግጥ ተነግሯል። ለአቶ ወልደየስ ነው የተነገረው፣ እዚሁ ቤት ውስጥ፣ ሐሙስ ዕለት። ሰው ሲዋሽ ቃል ከቸገረው አፉ ላይ ያለውን ያነሳል። እርስዎ ልጅቷን ያጎረሷት የራስዎን ዛቻ ነው።»

ፓስተሩ ወንበራቸውን ከዶክተሩ ትንሽ ሸሸት አደረጉ።

አፀደ ቀጠለች። «አቶ ወልደየስ ከእነዚህ ልጆች ጋር በየቀኑ መዋል ሲጀምሩ፣ የሐሙስ ንባብ የሚባል ነገር እንደሌለ አወቁ። ረቡዕ የደወሉልዎት እንኳን ደስ ያለዎት ሊሉዎት አልነበረም። ሐሙስ ይምጡና ልጆቹን ይዩ፤ ካልሆነ እሁድ ዴንሃግ ተነሥቼ እናገራለሁ ሊሉዎት ነው። እርስዎም መጡ፤ ሦስት ዓመት ያስተማሩበት ቤት ውስጥ ግን መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሮቢን ጠየቁት። ልጅቷ ወጥታ ነበር። ሽማግሌው በጀርባው ደረጃ ሊወርዱ ሲሉ ተከተሏቸው። በመጡበት ተመልሼ ወጣሁ አሉኝ፤ ሮቢ ከመግቢያው አልተነሣም፣ እርስዎንም ሲወጡ አላየም። የወጡት በጀርባው በር ነው፤ እዚያ ለመድረስ ደግሞ ሬሳውን መሻገር ነበረብዎት።»

«ይህ ሁሉ ግምት ነው። ማስረጃ የለዎትም። እንደ እኔ ያለ ሰው...»

አፀደ ወደ እሳቸው ቀረብ ብላ፣ ድምፅዋን ሳትቀይር ጠየቀቻቸው። «ጣሰው፣ ምን ቢልህ ነው የያዝከው?»

ዶክተሩ ዘለው ተነሡ። «በምን አፍሽ ነው አንተ የምትይኝ?»

ግድያውን ትተው አንተ በመባላቸው እንደተቆጡ ለሁሉም ገባው፤ ለእሳቸው የገባቸው መጨረሻ ላይ ነው። ነገር ግን ቁጣው አንዴ ወጥቶ ነበርና ተመልሶ አልገባም።

«እሱም እንደዚሁ አለኝ» አለ ጣሰው። «ስንት ዓመት ዶክተር፣ እርስዎ እያለ ሲያከብረኝ የኖረ ሰው። ከነዚህ ባለጌዎች ጋር አራት ቀን ዋለና ደረጃው ላይ ዞሮ ‹አንተ ውሸታም› አለኝ። እኔን። ያዝኩት እንጂ ልገድለው አልነበረም። እኔ እስከዚያ ድረስ እንኳ አንቱ ስለው ነበር።»

ይህን የተናገረው ይከበርልኛል ብሎ ነበር። አፀደ ብዙ የግድያ ምክንያት ሰምታለች፤ በቅናት፣ በረሃብ፣ በፍርሃት የገደሉ ሰዎች አይታለች። ለእነዚያ ቢያንስ ታዝንላቸዋለች። ለዚህ ግን የሚሰማት ነገር፣ ሰው ጫማው ላይ የተጣበቀበትን ቆሻሻ ሲያይ ከሚሰማው አይበልጥም። ፖሊሶቹን ጠራች። ጣሰው ከመሄዱ በፊት ኮቱን አስተካከለ፤ አንድም ጊዜ ወደ ቢታንያ አላየም።

ለዐቃቤ ሕጉ እዚያው ቆማ ደወለችና የሰኞው ነገር መቅረቱን በራሱ አንደበት አስደገመችው። ፓስተር ቃልአብ ተነሥተው፣ እግዚአብሔር ሁሉን ለበጎ እንደሚያደርግ ገልጸው፣ በአጭሩ እንጸልይ አሉ።

«እዚያው ቸርች ይደርስልዎታል» አለች አፀደ። «እዚህ ሰዎች ሥራ አላቸው።»

ፓስተሩ ወጡ። ሉሊት ግን አልተነሣችም። በመካከል ያለውን ባዶ ወንበር ብዙ ጊዜ አየችው፤ ከዚያ አልፋው ልጇ ፊት ቆመች።

«ዶክተር ስለሆኑ ነው ያመንኳቸው» አለች። «ሌላ ምክንያት የለኝም። አንቺን እያወቅሁሽ።»

ቢታንያ የእናቷን የደከመ ፊት፣ ከትናንት ጀምሮ ያልተቀየረውን የሥራ ልብስ አየች። ጎንበስ ብላ ከቦርሳዋ አንድ ወፍራም የታሪክ መጽሐፍ አወጣችና እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠች።

«ሰኞ ፈተና ነው። አንቺ ጠይቂኝ፣ እኔ እመልሳለሁ።»

«በደች ቋንቋ ነው እኮ የተጻፈው።»

«አውቃለሁ።»

ሉሊት ቁጭ አለች። መጽሐፉን ገለጠችና በጣቷ እየተከተለች፣ እየተንተባተበች የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበበች። ልጅቷ አልሳቀችም። ጥያቄው እስኪያልቅ ጠብቃ መለሰች። አፀደ ኮቷን አንሥታ፣ በሩን ከኋላዋ ድምፅ ሳታሰማ ገጠም አድርጋ ወጣች።